የያዘውን የማይለቅ ስክሪን

ያቺን ነጥብ ያጠፋኋት እኔው ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ጥጋብ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ሥራዬ ስክሪንን ከኮምፒውተር ጋር ማነጋገር ነው። ታላቅ እህቴ ነርስ ከሆነችበት ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ ሣጥን ውስጡ ተቃጥሎ መጣልኝ። ትንሽ የሊኑክስ ኮምፒውተር ገጠምኩለት፤ የድሮውን ስክሪን ጎን ለጎን በተዘረጉ ስምንት ሽቦዎች አገናኘሁና በከርነሉ፣ ማለትም በሊኑክስ እምብርት፣ ውስጥ ሆኖ ስክሪኑን የሚያናግር ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ጻፍኩ። ስክሪኑ አንድ ዐመል አለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ሽቦዎቹ ዝም ቢሉም መጨረሻ የተላከለትን ቁጥር ይዞ ቁጭ ይላል። ለዚህ ብዬ ጥጉ ላይ በየሰከንዱ ብልጭ የምትል ነጥብ አደረግሁ፤ ነጥቧ ከቆመች ቁጥሩ የቆየ ነው ማለት ነው። ኋላ ግን ዓይን ትረብሻለች ብዬ አጠፋኋት። እኔ ብልጡ!

ሣጥኑን ለሆስፒታሉ መለስኩ፤ ዛሬ ጠዋት በሰባት ወሩ የተወለደ ልጅ ገባበት። ረፋድ ላይ ቢሮዬ ሆኜ የማሽኑን መዝገብ በኢንተርኔት ከፈትኩ። ድራይቨሩ ከስክሪኑ "ዝግጁ ነኝ" የሚለውን ምልክት ሲጠብቅ አርባ ደቂቃ ቆሟል። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ፕሮግራምም እሱን ሲጠብቅ አብሮ ቆሟል። ፕሮግራሙ ዝም ካለ ደግሞ ማሞቂያው ራሱን ያጠፋል።

ለእህቴ እንዴት እንደደወልኩ አላውቅም።

"እታለም፣ ስክሪኑ ስንት ይላል?"

"ሠላሳ ስድስት። ምነው፣ ምን ሆነሃል?"

"ውሸቱን ነው! ልጁን ዳስሺው!"

"ኧረ ደህና ነው፣ አሁን አይቼው..."

"እጅሽን አስገቢ አልኩሽ!"

የሣጥኑ በር ሲከፈት ሰማሁ።

"በረዶ ሆኗል" አለች። ስልኩን ጣለችው መሰለኝ፤ ድምጿ ከሩቅ መጣ። "እናቱ! ደረትሽን ክፈቺ፣ እቀፊው! ብርድ ልብስ አምጡ!"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። የሰው ሩጫ እሰማለሁ፤ የልጅ ድምፅ ግን የለም። ፈጣሪዬን ለመንኩት፣ ራሴን ረገምኩት። ስንት ደቂቃ እንደሄደ እንጃ፣ አንዲት ቀጭን ለቅሶ መጣች። እኔም አለቀስኩ፤ ባልደረቦቼ ፊት፣ ሳላፍር።

ከሰዓት ሣጥኑን ላነሳ ሄድኩ። ልጁ እናቱ ደረት ላይ ተኝቷል። እህቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም።

"እኔ እኮ ቁጥር አምኜ አላውቅም" አለች። "በየሩብ ሰዓቱ እጄን አስገባለሁ። ዛሬ የተውኩት ወንድሜ የሠራው ነው ብዬ ነው።"