አደራ ሳይሉት ባለአደራ

በሩ ከኋላዋ ቀጭ ብሎ ሲዘጋ ብሩክታዊት የማርማላታውን ባልዲ እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች።

ኧረ ጉድ ፈላ! ያንን በር እኮ የማያውቅ የለም። ከውስጥ በኩል እጀታው ተነቅሎ ከጠፋ ቆይቷል። ወደ ጓዳው የሚገባ ሰው ሁሉ የለስላሳ ሳጥን ደግፎበት ነው የሚገባው። "ሳጥኑን አትርሱ!" እያለች ሰውን ስታስጠነቅቅ የምትውለውም ራሷ ናት። ዛሬ ግን ሐሳብ በልቷት ረሳችው።

"ባንኳኳ ያወጡኛል" ብላ እጇን አነሳች። ይኼኔ ከበሩ ማዶ ስሟ ተጠራ።

"ብሩክታዊት ናት እንጂ የገፋችው! እሱማ ምን አንደበት አለው?"

እጇ እንደተነሳ ቀረ። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፣ ስሙ ሲነሳ እየሰማ በር የሚያንኳኳ ሰው ማነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦስሎ ውስጥ ትሮስተሩድ ካለው ሜዳ ዳር ክለቡ ትንሽ ኪዮስክ አለችው። ጨዋታ ባለ ቁጥር የክለቡ ቤተሰብ ተራ ገብቶ ቫፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ እየጋገረ ይሸጣል። ፈረንጆቹ ዱግናድ ይሉታል፤ ደቦ ማለት ነው፣ ጠላ የሌለው ደቦ። ክለቡ ኤልግ ይባላል፣ በዚያ ቀንዳም የጫካ አውሬያቸው ስም። የሚጫወቱት ራግቢ ሊግ ነው፤ እንቁላል የመሰለች ኳስ አቅፎ እየተጋጩ መሮጥ። ደግሞ የሚገርመው፣ ኳሷን በእጅ ወደፊት መወርወር ክልክል ነው፤ ወደፊት መሄድ የፈለገ ወደ ኋላ ያቀብላል። ድሮ እንዲሁ ለፍቅር ነበር የሚጫወቱት። ሀብታም ስፖንሰር ከመጣ ወዲህ ግን ተጫዋቹም አሰልጣኙም ደሞዝተኛ ሆነ። ደሞዝ ሲመጣ መባረርም አብሮ ከች ይላል።

ዋናው አሰልጣኝ ገነነ ሐሙስ ዕለት ተባረረ። ሽንፈት በሽንፈት ላይ ሲደራረብ ስቲረው፣ የክለቡ ቦርድ ማለት ነው፣ ጠርቶ አሰናበተው። እስከ ውድድሩ ማብቂያ ቦታውን ያዝልን የተባለው ምክትሉ ዋለልኝ ነው፣ የብሩክታዊት ባል። ቋጠሮው እዚህ ላይ ነው። ዋለልኝን ለክለቡ ያመጣው ገነነ ነው። የልጃቸው የኖኤል ክርስትና አባትም ገነነ ነው። የገነነ ሚስት ሶልያና ደግሞ ብሩክታዊት በስስ ሹራብ ኦስሎ የገባች ቀን የራሷን ካፖርት አውልቃ ያለበሰቻት ጓደኛዋ ናት።

የቦርዱ ሰብሳቢ ለዋለልኝ ቁርጡን ነግሮታል። "የዛሬው ጨዋታ ማብቂያ ፊሽካ ሳይነፋ እሺ ወይ እምቢ በለኝ። አለዚያ ከእንግሊዝ ሰው አስመጣለሁ።"

ብሩክታዊት ጓዳው ውስጥ ከተጣለ ትልቅ ቦርሳ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። የዚያ ጓዳ መብራት ሰው ሲንቀሳቀስ የሚበራ፣ ዝም ሲል የሚጠፋ ነው። እሷም ድምፅ እንዳይሰማ ዝም አለች፤ መብራቱም ዝም አለ። ጨለማ ውስጥ በጆሮዋ ብቻ ቀረች።

"ብትገፋውስ?" አሉ እትዬ ጤናዬ፤ የቫፍሉ ሊጥ ማሽኑ ላይ ጭስስ ሲል ይሰማል። እሳቸው እንኳን በዚህ በራግቢ፣ በሰው ሠርግም አስታራቂ ናቸው። "ባለአደራ ነው እኮ የሚሆነው። አገር እንኳ በባለአደራ መንግሥት ይመራል፣ እንኳን አሥራ ሦስት ጎረምሳ!"

"ባለአደራ? ማን አደራ አለው?" በቃሉ ነው፣ የትራም ሾፌሩ፣ ከቡድኑ ጨዋታ ቀርቶ የማያውቅ። "አደራ ሰጪውን በሩን ዘግተው አባረውት! ሳይጠሩት አቤት፣ አደራ ሳይሉት ባለአደራ!"

"ጠርተውታል እኮ!"

"ስቲረው ነው የጠራው። ገነነ አልጠራውም። አበልጁ ወድቆ ሳለ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ሊቀመጥበት? የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ሲባል እሰማ ነበር፤ ምሳሩን የያዘው ዘመድ ሲሆን ግን ዛሬ ገና አየሁ።"

"ሄርሬጉድ፣ በቃሉ! ሥራ ነው እኮ!" አለች ናታሊ፣ የእትዬ ጤናዬ የልጅ ልጅ፤ አምላኬ ማለቷ ነው። እዚሁ ተወልዳ ዩኒቨርሲቲ የገባች ናት።

"በቃሉ? ጋሼዋ የት ሄደች?"

"እሺ፣ እሺ። ጋሼ በቃሉ፣ ሥራ ነው እኮ። ቪካር በሉት በቃ። ሰው ሲታመም የሚገባው።"

"ገነነ መቼ ታመመ?"

"ሊታመም ነው እንጂ!" እትዬ ጤናዬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ወሬ ሲጥማቸው እንደዚያ ነው። "ከሐሙስ ጀምሮ ስልኩን ዘግቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል አሉ። ጢሙም አድጓል አሉ።"

"ከሐሙስ ወዲህ ምን ያህል ያድጋል?"

"አንቺ ስለ ጢም ምን ታውቂያለሽ? ቫፍሉን ገልብጪ!"

ቪካር የምትለዋን ቃል ብሩክታዊት አሳምራ ታውቃታለች። እሷ እኮ ባርነሃገ በሚሉት መዋለ ሕፃናት የሰው ልጅ ስትጠብቅ ቪካር እንደሆነች አለች። ጠዋት ስልኳ ከጠራ ሥራ አለ፤ ካልጠራ ካልሲዋን መልሳ ታወልቃለች። ጥርስ ያላበቀሉት ሕፃናት እንኳ ከነስማቸው የኮት መስቀያ አላቸው፤ እሷ ኮቷን የምትሰቅለው ያልመጣ ልጅ መስቀያ ላይ ነው። ለዚህ ነው ባሏ እንኳ አንድ ቀን "ዋናው" ተብሎ ቢጠራ የተመኘችው። ክፋት አይደለም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብላ ነው።

"ምናልባት አታውቁም እንጂ፣" አለ በቃሉ፣ "ሰኞ ዕለት ግሩነርሎካ ላይ ትራሙን አቁሜ ሰው ሳወርድ በዓይኔ በብረቱ አየኋት። ካፌ ውስጥ ከሰብሳቢው ሚስት ጋር! አንገት ለአንገት ገጥመው!"

"እንዴ!" አሉ እትዬ ጤናዬ። "ገነነ ሳይባረር?"

"ከመባረሩ በፊት! እኔ ምንም አላልኩም፤ እናንተ ደምሩት።"

ብሩክታዊት ጨለማ ውስጥ አፏን ከፍታ ቀረች። የሰብሳቢው ሚስት? ያቺ ሴትዮ እኮ የባርነሃገው ሹም እንጂ የሰብሳቢው ሚስት አይደለችም! ካፌ የጠራቻትም "ዘንድሮም ቋሚ ቦታ አላገኘሁልሽም" ብላ ልታረዳት ነው። አንገት ለአንገት የገጠሙትም ብሩክታዊት እያለቀሰች ስለነበር ነው። ለበቃሉ ፀጉሯ ቢጫ የሆነች ሁሉ አንድ ሴት ናት።

ተነስታ በሩን በቡጢ ልትለው አማራት። ግን ምን ትበል? እስካሁን ስሰማችሁ ነበር ማለት ሊሆንባት ነው። ቀድማ ብታንኳኳ ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር፤ አሁን በየደቂቃው በሩ እየወፈረ ሄደ።

ደግሞስ ነፃ ነኝ ብላ በምን አፏ ትማላለች? የበቃሉ ሐሜት ውሸት ነው እንጂ የሷም እጅ ንጹሕ አይደለም።

ትናንት ማታ ዋለልኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ "ገነነ ስልክ አያነሳም። አንቺ ሶልያናን ጠይቂያት። እነሱ ቅር ካላቸው አልነካውም" አላት። እሷም ስልኳን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባች። ደወለች። አንዴ ጠራ። ሶልያና ምን እንደምትላት ስታስበው ዘጋችው። ከዚያ ቧንቧውን ከፍታ ትንሽ ቆየችና ወጥታ፣ "አወራን። አደራ፣ ዋለልኝ ይያዝልን ብላለች" አለችው።

አያችሁ? አደራውን ራሷ ነች የፈበረከችው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ የሚባለውን ቃል፣ በቧንቧ ውሃ አጅባ።

ከሜዳው ጩኸት ተነሳ። ኤልግ ነጥብ አስቆጥሯል። ለወትሮው የሚሸነፈው ቡድን ዛሬ፣ ዋለልኝ ብቻውን ሲመራው፣ ሊያሸንፍ ነው።

ጩኸቱ ሲበርድ ግን ኪዮስኩ ውስጥ ድንገት ፀጥ አለ። 

"እንዴት ዋላችሁ?" አለ አንድ ድምፅ።

ብሩክታዊት ድምፁን ከሺህ ሰው ትለየዋለች። ሶልያና።

"እግዚአብሔር ይመስገን!" አሉ እትዬ ጤናዬ፣ ከልክ በላይ ጮክ ብለው። "ሶሊዬ! ነይ ነይ፣ ትኩስ ቫፍል ብዪ!"

"አልቆይም እትዬ። የገነነን ቦርሳ ልወስድ ነው። ጓዳው ውስጥ ነው ብሎኛል።"

ብሩክታዊት የተቀመጠችበትን ነገር በእጇ ዳሰሰችው። ዚፕ። ማንገቻ። ማንገቻው ላይ የተንጠለጠለች ፊሽካ። የሰውየው ቦርሳ ላይ ነው ለካ የተቀመጠችው! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይኼ ነው። ቅድም በሩን ክፈቱልኝ ልትል ነበር፤ አሁን እመብርሃን ዝጊልኝ አለች።

እትዬ ጤናዬ ግን ወሬ ሳይለቅሙ ሰው የሚለቁ ሴት አይደሉም። "አንዴ ቁጭ በይ። ለመሆኑ እንዴት ነው? ጢሙን አሳደገ አሉ?"

"ጢሙን? ኧረ ትናንት ተላጭቷል።"

"ይኸው!" አለች ናታሊ።

"እና … ዋለልኝ ቢይዘው፣" አሉ እትዬ ጤናዬ፣ ክብ እየዞሩ፣ "ቅር አይላችሁም?"

"አያቴ!"

"ልጠይቅ እንጂ! መጠየቅ ነውር ነው እንዴ?"

ሶልያና ወንበር ስትስብ ተሰማ። ከዚያ፣ "ከማናውቀው እንግሊዛዊ ዋለልኝ ቢይዘው ይሻላል። ገነነ ራሱ ያለው ይኼንኑ ነው። ሥራ ይመጣል፣ ይሄዳል" አለች።

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው?"

"ብሩኬ አልደወለችልኝም እትዬ" አለች። "ሰው ሁሉ ደወለ። የማላውቀው ሰው ሳይቀር ደወለ። እሷ ትናንት አንዴ ብቻ ጭርር አድርጋ ዘጋች። መልሳ ትደውላለች ብዬ ስልኩን ሽንት ቤት ድረስ ይዤው ስገባ አመሸሁ። እኔ ብደውል ደግሞ፣ ስለ ባሌ ቦታ ልትወቅሰኝ ነው ትላለች ብዬ ፈራሁ። የነደደኝ ይኼ ነው፤ ወንበሩን ውሰዱት።"

በቃሉ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ ግሩነርሎካው ካፌ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ብሩክታዊት እንባዋ ሲወርድ ለመጥረግ እጇን አነሳች፤ መብራቱ ቦግ አለ። ደንግጣ ደረቀች። በበሩ ሥር ባለው ስንጥቅ ብርሃኑ ወደ ኪዮስኩ ሳይፈስ አልቀረም።

ይኼኔ ከኪዮስኩ ባንኮኒ ላይ ስልክ ጮኸ።

"የብሩክታዊት ስልክ ነው" አለች ናታሊ። "ዋለልኝ ይላል። እሷ ግን … ማርማላታ ላምጣ ብላ ከገባች …"



"እኔ ላንሳው" አሉ እትዬ ጤናዬ፤ ይህን መቼም ለሌላ ሰው አይተዉም። መነጽር ስላላደረጉ የነኩት የማይሆነውን ነው፤ የዋለልኝ ድምፅ ከነሜዳው ጩኸት ኪዮስኩን ሞላው።

"ብሩኬ! ሰብሳቢው አጠገቤ ቆሟል፣ መልስ ይላል። ጨዋታው ማለቁ ነው። እንደገና ልጠይቅሽ ብዬ ነው፤ ሶልያና በእርግጥ አደራ ብላሻለች አይደል? በአፏ? እሷ ካላለች አፌን አልከፍትም። ብሩኬ? ትሰሚኛለሽ?"

ቫፍሉ ሲያር ሸተተ። ማሽኑን የሚያስታውስ አልነበረም።

እርምጃ ወደ በሩ መጣ። አንድ፣ ቀስ ያለ እርምጃ። እጀታው ከውጭ ተጠመዘዘና በሩ ተከፈተ። ሶልያና ናት፣ ስልኩን ይዛ። ከኋላዋ የእትዬ ጤናዬ አንገት እንደ ሰጎን ተሰግጓል።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ብሩክታዊት ከገነነ ቦርሳ ላይ፣ ባልዲዋን አቅፋ።

"ማርማላታው ጠፋብሽ እንዴ?" አለች ሶልያና።

መልስም አልጠበቀች። ስልኩን ዘረጋችላት። አትቆጣ፣ አትስቅ። ዝም ብላ ዘረጋችላት።

ብሩክታዊት ያዘችው። አንዲት ቃል ናት የምትፈለገው። "አዎ" ብትል ዋለልኝ ዋና ይሆናል። ሶልያናም እዚያው ሰው ፊት ውሸታም ናት ብላ አታዋርዳትም፤ ያንን አውቃታለች። "ዋለልኝ ቢይዘው ይሻላል" ብላስ የለ? ውሸቷ እኮ እውነት ሆኖ ቁጭ ብሏል። አዎ ማለት ብቻ ነው።

"ዋሌ፣" አለች።

"አቤት! ቶሎ በይ!"

"አልደወልኩላትም። ፈርቼ ዘጋሁት። አደራ ያልኩህ የራሴ ፈጠራ ነው።"

ከወዲያ ጩኸት ብቻ ተሰማ። "ምን?"

"አሁን አጠገቤ ናት። እሷን ሳላነጋግራት ምንም እንዳትላቸው።"

"ብሩኬ፣ ፊሽካው ሊነፋ ነው እኮ! ሰውየው እንግሊዙን ሊያመጣ ነው!"

ብሩክታዊት ሶልያናን ቀና ብላ አየቻት።

"ይነፋ" አለችና ስልኩን ዘጋች።

"ኧረ እሺ ይበል! ሶልያና ፈቅዳለች እኮ፣ እኔ ምስክር ነኝ!" ብለው እትዬ ጤናዬ ከውጭ ጮኹ።

ሶልያና ዞራ አላየቻቸውም። ወደ ጓዳው ገባችና በሩን በተረከዟ ገፋችው።

"ሶሊ፣ እጀታ የለውም!" አለች ብሩክታዊት።

"አውቃለሁ።"

በሩ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ከበሩ ማዶ የእትዬ ጤናዬ ትንፋሽ ተጠግቶ ይሰማል፤ ጆሯቸውን ለጥፈዋል።

"እትዬ፣ ቫፍሉ አረረ!" አለች ሶልያና።

ትንፋሹ ራቀ። ከሜዳው ረጅም ፊሽካ ተነፋ፤ ሕዝቡ ጮኸ። ብሩክታዊት ባልዲውን መሬት አስቀመጠችና ከቦርሳው ላይ ጠጋ ብላ ግማሹን ለቀቀችላት።