ቂም በየትኛው ፊደል ይጻፋል?

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ «ችግር የለም» ደወለልኝ። ስሙ ሌላ ነው፤ ለምንም ነገር መልሱ ይህ ስለሆነ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ የሚጠራው እንደዚህ ነው። ሥራውን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ከዋናው ራውተር ላይ አንድ የትእዛዝ መስመር በስህተት ሰርዞ ቅርንጫፎቹን ሁሉ ከኔትወርክ ውጪ አደረገና ሪፖርቱ ላይ «እሷ ናት» ብሎ ጻፈ። እኔን ወደዚህ መጋዘን ወረወሩኝ፤ እሱ ወንበሬ ላይ ጉብ አለ። ከዚያ ወዲህ እሱን አስቤ ያልነደድኩበት ቀን የለም።

የዕለቱ ሥራችን የእኔን አዲስ ራውተር ከእሱ ራውተር ጋር ማገናኘት ነበር። ሁለቱ «ጎረቤት» ካልሆኑ አንዱ የሚያውቀውን መንገድ ለሌላው አይነግርም፤ ጎረቤት ለመሆን ደግሞ ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል መጻፍ አለበት። አሮጌው መስመር ስድስት ሰዓት ላይ ይቆረጣል። እስከዚያ ካልተገናኙ መጋዘኑ አንድ ካርቶን እንኳ ማስወጣት አይችልም፤ ተጠያቂውም እሱ ነው።

በደንባችን የይለፍ ቃል በስልክ ይነገራል እንጂ ተጽፎ አይላክም።

«ቃሉን አንቺ ምረጪ» አለኝ።

«ቂም።»

ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! አሁንም አልረሳሽውም? ችግር የለም።»

ወጥመድ አስቤ አልነበረም፤ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ጻፍኩት። ወዲያው ስክሪኔ ላይ «የይለፍ ቃሉ አይመሳሰልም» የሚል መልእክት ይዥጎደጎድ ጀመር። ምክንያቱ ባንድ አፍታ ገባኝ። ማሽኖቹ ፊደላችንን ስለማያውቁ ቃሉን በላቲን ነው የምንጽፈው። እኔ «ቀ»ን የምጽፈው በኪው (Q) ነው፤ እሱ በኬ (K)። ስንት ዓመት መልእክቱን አንብቤያለሁ! «ቅዳሜ»ም በኬ፣ «ይቅርታ»ም በኬ፤ ይቅርታ እንኳ ብሎኝ የሚያውቀው ሲያረፍድ ብቻ ነው።

አንድ ፊደል። ብነግረው በአሥር ሰከንድ ያልቃል። ጭጭ አልኩ፤ ዝምታ እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ደወለ።

«ቂም ነው ያልሽኝ አይደል?»

«ቂም ነው።»

«አምስት ጊዜ ጻፍኩት እኮ! እስቲ ያንቺን አጥፍተሽ እንደገና ጻፊው።»

አጥፍቼ ጻፍኩ፣ በኪው። እሱ ኬብል ቀየረ፣ አድራሻዎቹን አንድ በአንድ አመሳከረ፣ ራውተሩን አጥፍቶ አበራ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲደውል ድምፁ ሰልሎ ነበር።

«እህቴ፣ በናትሽ፣ ሥራ አስኪያጇ እየመጡብኝ ነው። የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ።»

«አውቃለሁ። ሲመጡ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገውና ያንን መስመር ማን እንደሰረዘው ንገራቸው። ከዚያ እነግርሃለሁ።»

ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ለስድስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው መልሶ ደወለ። ድምፅ ማጉያው በርቷል፤ ከኋላው የሥራ አስኪያጇ ጫማ ቋ ቋ ይላል።

«የዛሬ ሦስት ዓመት…» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «መስመሩን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። እሷ አይደለችም።»

ጫማው ቆመ።

«በኬ ነው የጻፍከው» አልኩት። «በኪው አድርገው።»

ራውተሮቹ ወዲያው ጎረቤት ሆኑ።

«ይህን ከመቼ ጀምሮ ታውቂ ነበር?» አሉ ሥራ አስኪያጇ።

«ከሦስት ሰዓት ጀምሮ።»

«ሁለታችሁም ታስጠላላችሁ» አሉ። «ሰኞ ቦታ ትቀያየራላችሁ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ስሜ ጸዳ፣ ወንበሬ ተመለሰ፤ ከእንግዲህ እረሳዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ስልኩ ጮኸ። ከመጋዘኑ ነው፤ የእሱ ቁጥር። ተቀምጬ አየሁት። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፣ እንደገና ጮኸ። እጄ አልተንቀሳቀሰም። ለካስ ቂሙ አልወጣልኝም። አነሳለታለሁ፣ ግን ዛሬ አይደለም።