የወደዷትን ላም ማጣጣል

የከብት ዳኝነት ውድድር የሚባል ነገር አለ ቢሏችሁ ትስቁ ይሆናል። አትሳቁ። ሳሊሃ ሪድዋን በዚያች የኅዳር ጠዋት፣ ቶሮንቶ ሐይቁ ዳር ባለው የትርኢት አዳራሽ ኮሪደር ላይ፣ ቁርሷን እንኳ ሳትጨርስ የቆመችው ለዚሁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ላሞች ይቀርባሉ። ተማሪዎቹ ዞር ዞር ብለው ያዩና ከአንደኛ እስከ አራተኛ ደረጃ ይሰጧቸዋል። እስከዚህ ድረስ ምንም አይደል። ከዚያ በኋላ ግን ተራ በተራ አንዲት ጠባብ ክፍል እየገቡ፣ ወረቀት ሳይዙ፣ ዳኛው ፊት ቆመው ይቺ ከዚያች ለምን እንደበለጠች በአፋቸው ማስረዳት አለባቸው። ይህን «ሪዝን» ይሉታል። ሳሊሃን የሚገድላት ይኸው ሪዝን ነው።

ዓይንስ አላት። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የእርሻ ኮሌጅ ላም አይቶ በመለየት የሚደርስባት አልነበረም፤ አሰልጣኟ ዶና ራሷ መስክራላታለች። ግን ነጥብ ካላመጣ ይሄ ዓይን ምን ይረባል? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! አፏን ስትከፍት ሁሉ ነገር ይበላሻል። «ሳሊሃ፣ አንደኛ ያደረግሻትን ላም ስትገልጪያት እኮ የታመመች ነው የምትመስለው» ትላታለች ዶና። ሳሊሃ ታፍራለች፤ ምኑ ላይ እንዳጠፋች ግን አይገባትም። ጥፋቱ የእንግሊዝኛዬ ነው ብላ ቃላት ስትሸመድድ ከረመች።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዶና ቁርጡን ነገረቻቸው። የኮሌጁ የዳኝነት ቡድን ውስጥ ያሉት አምስት ናቸው፤ በጸደይ ለትልቁ ውድድር የሚሄዱት አራት ብቻ ናቸው፤ በዛሬው ሪዝን ዝቅተኛውን ነጥብ ያመጣ ይቀራል። የሚቀረው ማን እንደሆነ ሁሉም ገምቷል። አንዳቸውም ወደ ሳሊሃ ቀና ብሎ አላየም፤ የባሰው እሱ ነው። ቡድኑ ለእሷ ጨዋታ አልነበረም። በዚያ ኮሌጅ ውስጥ «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ተብላ የምትጠየቅበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ከእሱ ከወጣች ዳግመኛ ማንም ምንም የሚጠይቃት አይመስላትም።

አባቷም መጥቷል። ሪድዋን ሬክስዴል በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ መጋዘን ዕቃ ይጭናል፤ ለዛሬ ሺፍቱን ከጓደኛው ጋር ቀይሮ ነው። ድሮ ግን ባቲ ገበያ የከብት ነጋዴ ነበር፤ ይህን ለአውቶቡስ ሾፌሩ እንኳ ሳይነግር አይወርድም። ሳሊሃን ላም ማየት ያስተማራት እሱ ነው። ቅዳሜ ቤት ስትመጣ ሳሎን ውስጥ ወንበሮች ደርድሮ «በይ፣ እነዚህ ላሞች ናቸው፣ አውሪ» ይላታል። የካናዳ ላም ሻኛ የሌላት መሆኗን እስከ ዛሬ ይቅር አላለም።

አመስግኗት ግን አያውቅም። አንድም ቀን! ጥሩ ውጤት ይዛ ስትመጣ «ታዲያ የእጅ ጽሕፈትሽ ለምን እንዲህ ተጣመመ?» ኮሌጅ ስትገባ «ምነው ከቤት ራቀ?» ሳሊሃ ለምጄዋለሁ ትላለች። አልለመደችውም።

ላሞቹን አይተው ከጨረሱ በኋላ ተራዋ እስኪደርስ ኮሪደሩ ላይ መለማመድ ጀመረች። አባቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። ካይል የሚባለው የቡድኗ ልጅም ግድግዳውን ተደግፎ ይሰማል። አንደኛ ያደረገችው ሦስት ቁጥሯን ላም ነው።

«ሦስት ቁጥር አንገቷ አጠር ይላል» ብላ ጀመረች። «አንዱ የኋላ እግሯ ትንሽ ጠመም ያለ ነው። ዕድሜዋም ገፋ ሳይል አይቀርም። ግቷ እንኳን መጥፎ አይደለም…»

«ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ!» አለ ሪድዋን ጭኑን መታ አድርጎ።

ካይል ግን ግራ ገብቶት አያት። «ታዲያ ለምን አንደኛ አደረግሻት?» አለ። ተንኮል የለበትም፤ ከልቡ ነው የጠየቃት።

ሳሊሃ ወደ አባቷ ዞረች። «አባ፣ አሁን ምኑ ነው ጎሽ ያሰኘህ?»

«አነጋገርሽ ነዋ! የወደድሻትን ላም ማንም እንዳያውቅብሽ ታጣጥያታለሽ። ባለቤቱ ስታመሰግኚያት ከሰማ አለቀልሽ፣ ዋጋውን ሰማይ ይሰቅልልሻል። ይልቅ የማትገዣትን አመስግኚ፣ ምን ቸገረሽ? ባቲ እኮ የፈለጋትን ላም የሚያመሰግን ገዢ ቢመጣ ገበያው በሙሉ ይስቅበታል።»

ጉድ ፈላ! ሳሊሃ ይህን ያህል ጊዜ፣ ለራሷም ሳይታወቃት፣ ዳኛ ፊት እየቆመች ላም ስትገዛ ነበር የከረመችው።

«አባ፣ እኔ እኮ አልገዛም!» አለች።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«እፈርዳለሁ! ያየሁትን እናገራለሁ፣ በቃ! አበላሸኸኝ እኮ!»

ገና ከአፏ ሲወጣ ጸጸታት። ሪድዋን ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ባቲ ገበያ ገዢ አለ፣ ሻጭ አለ፣ ደላላ አለ። ላሚቱን ሳይፈልጋት፣ ሳይሸጣትም፣ እውነቱን ብቻ ሊናገር የሚመጣ ሰው አላጋጠመውም። ይህን ሲያሰላስል የሳሊሃ ስም ተጠራ።

«አብሽሪ» አላት ቀስ ብሎ። እሱ ራሱ ግን አብሽር የሚለው ይፈልግ ነበር።

ዳኛው ሸምገል ያለ ሰው ነው። ሳሊሃ ፊቱ ቆመች። የሸመደደችው ሁሉ የገዢ ወሬ ስለሆነ የሚጣል ነው፤ ሌላ ደግሞ አላዘጋጀችም። ዳኛው እርሳሱን ይዞ ይጠብቃል። አለቀልኝ ብላ ዓይኗን ስትጨፍን ሦስት ቁጥር መጣችባት፤ ጠዋት እንዳየቻት፣ ዝግ ብላ ስትራመድ። ያኔ ልቧ ምን ነበር ያለው? ማሻአላህ ነበር ያለው። ታዲያ ማንን ፈርታ ነው የምትደብቀው?

«ሦስት ቁጥርን አንደኛ ያደረግኋት ከሁሉም የተሟላች ስለሆነች ነው» አለች። ሻርፗ ሰው ፊት የወደቀባት ያህል ደነገጠች። ግን ቀጠለች። ግቷ ከኋላ ከፍ ብሎ፣ ሰፍቶ መያዙን፣ ጀርባዋ ቀጥ ማለቱን፣ ስትራመድ ሰኮናዋ መሬቱን አጥብቆ መርገጡን፣ በእነዚህም ሁለተኛዋን እንደምትበልጣት ተናገረች። የአንገቷን ማጠር አልሸሸገችም፤ በቦታው፣ በልኩ አነሳችው። አራተኛዋንም ያለ ይሉኝታ ደካማ ናት አለቻት። ዳኛው አንድ ጥያቄ ጠየቃት፤ መለሰችና ወጣች።

ከዚያ ያለው መጠበቅ ነው፤ ደግሞ ምን ዓይነት መጠበቅ! አባትና ልጅ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እሷ ይቅር በለኝ ልትል ትጀምርና ትተወዋለች። እሱ ኮፍያውን ያዞራል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም ይነሳሉ፣ መልሰው ይቀመጣሉ።

በመጨረሻ ዶና ከወዲያ ጫፍ ስትሮጥ መጣች። «ገብተሻል! ሳሊሃ፣ ቡድኑ ውስጥ ነሽ! ዳኛው ራሱ ይቺን ልጅ ማን አስተማራት አለኝ!» አቀፈቻት። ሳሊሃ ተመልሳ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ዶና ወደ ሪድዋን ዞራ እጇን ዘረጋች። «ልጅዎ ግሩም ናት» አለችው።

ሪድዋን ተነስቶ ጨበጣት። ጉሮሮውን ጠረገና ባለችው እንግሊዝኛ ጀመረ። «ቀጭን ናት» አለ። «አትበላም። ግትር ናት። ስደውል ስልክ አታነሳም። ጠዋት መነሳት የሚባልማ አታውቅም…»

የዶና ፈገግታ ደረቀ። ወደ ሳሊሃ ጠጋ ብላ «ምነው፣ ተቆጣ እንዴ?» አለቻት።

ሳሊሃ አባቷን አየችው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ምንም እንደማይፈልግ ሰው ወዲያ ወዲያ ያያል፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቷል። የተጣመመው የእጅ ጽሕፈት፣ ከቤት የራቀው ኮሌጅ፣ ያ ሁሉ ዓመት አንድ ላይ መጣባት። እንባዋ ቀደማት።

«አልተቆጣም» አለች። «አንደኛ እያደረገኝ ነው።»