የኤሊዬሰር ወፍ

ዶኛ ኤደልሚራ ለዓይን ሕክምና ወደ ከተማ ሲሄዱ የኮሊብሪዎቹን፣ የእነዚያን አበባ ቀሳሚ ትንንሽ ወፎች፣ መመገቢያ ጠርሙስ ለእኔ ለጎረቤታቸው አደራ ሰጡኝ።

«አርኑልፎ፣ አንድ እጅ ነጭ ስኳር፣ አራት እጅ ውሃ። በየሦስት ቀኑ በፍል ውሃ እጠበው። ሌላ ምንም እንዳትጨምር፤ ያንተን ጥበብ አልፈልግም» አሉኝ።

በረንዳቸው ላይ ከተሰቀለው ጠርሙስ ከሚቀስሙት ትንንሽ ወፎች አንዱ ጭራው የተሸረፈ ነበር። ዶኛ «ባሌ ኤሊዬሰር ነው» ይላሉ። በእኛ መንደር ሟች ኮሊብሪ ሆኖ ቤቱን ይጠይቃል ስለሚባል ማንም አይስቅባቸውም። ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርክ፣ አንተ ሽማግሌ?» ይሉታል።

እኔ ደግሞ ሸንኮራ ጨምቄ፣ አፍልቼ ፓኔላ የማረጋ ሰው ነኝ። እንግዳ በነጭ ስኳር ላስተናግድ? ያውም ኤሊዬሰርን፣ ዕድሜውን ሙሉ የእኔን ፓኔላ ሲቆረጥም የኖረውን! ቡናማውን ፓኔላ በጥብጬ ሞላሁት። ማጠቡንም ዛሬ ነገ እያልኩ ተውኩት።

በአሥረኛው ቀን ጭራ ሸራፋውን በረንዳው ላይ ወድቆ አገኘሁት። ምላሱ አብጦ ወጥቷል፤ ጠርሙሱ ሻግቷል። ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኝ ተገላምጬ፣ ወፉን ከሸንኮራ ገለባ ጋር ፓኔላ የማፈላበት እሳት ውስጥ ከተትኩት። አደራ በላ ሆንኩ።

ዶኛ ተመልሰው ሦስት ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጠበቁት።

«ጥዬው ስለሄድኩ አኩርፎኛል» አሉኝ በአራተኛው ቀን። «እስቲ ከፓኔላህ ትንሽ ስጠኝ፣ በሱ ላባብለው።»

«አይሆንም ዶኛ!» እጃቸውን ያዝኩ። «እሱ ነው የገደለው። እኔ ነኝ የሰጠሁት። ጠርሙሱንም አላጠብኩም።»

እጃቸውን ከእጄ አላቀቁ። ቢሰድቡኝ፣ በከዘራ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

«ነጭ ስኳር አላልኩህም?»

«ብለውኛል።»

«የት ቀበርከው?»

ግቢያቸው ውስጥ ወዳለው ዛፍ እያየሁ፣ «ከብርቱካኑ ሥር» አልኩ።

«መቅበርህስ ደግ ነው። ተባረክ ልጄ» አሉኝ። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። በየሦስት ቀኑ ሄጄ ጠርሙሱን አጥባለሁ፤ የምሞላውም ነጭ ስኳር ብቻ ነው። እሑድ እሑድ ዶኛ ከብርቱካኑ ሥር አበባ ያኖራሉ። ጉልበታቸው እምቢ ስለሚላቸው፣ ደግፌ የማንበረክካቸው እኔው ነኝ።