ጓንት የናቀ ሽማግሌ

ሀዋሳ ላይ ብስክሌት የማይነዳ የለም፤ እንደ ሽበሺ የሚነዳ ግን ገና አልተወለደም። ሃምሳን ሊደፍን ጥቂት የቀረው ይህ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥ ነፋስ መንገድ ይለቅለታል። የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አባ ኮዳ አሞሮች ሳይቀሩ የዓሣ ትርፍራፊያቸውን ትተው አንገታቸውን ያዞሩለታል።

የዚያን ቅዳሜ የእህቱን ልጅ የኤልናታንን ሽምግልና ሊመራ ወደ ቱላ ሲነሳ፣ ሚስቱ ታቢታ ጓንት ይዛ በር ላይ ቆመች።

«አድርገው አንተ ሰውዬ! እጅህ ያልበዋል፣ መሪው ያዳልጥሃል። ሰው ሲወድቅ ደግሞ ቀድሞ መሬት የሚነካው መዳፉ ነው።»

«መዳፍ?» ሳቀ ሽበሺ። «ይሄ መዳፍ እኮ ጠጠር ይፈጫል! ጓንት ለሐኪምና ለሙሽራ ነው።»

«ታዲያ እንደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች በባጃጅ አትሄድም?»

«ቀድሜያቸው ደርሼ፣ አርፌ እጠብቃቸዋለሁ።»

መድረሱንስ ደረሰ፤ አላረፈም እንጂ። ቱላ መግቢያ ላይ ፍየል ዘላ ገባችበት። ፍየል ስላችሁ ጥጃ የምታክል! በላብ የራሰ እጁ ከመሪው አመለጠና ሽበሺ እንደ ንስር በረረ፤ ያረፈው ግን እንደ ጤፍ ጆንያ ነው፣ በሁለት መዳፉ። ሲነሳ ጠጠሩ መዳፉ ላይ፣ የመዳፉ ቆዳ ደግሞ ጠጠሩ ላይ ቀርቷል። ብስክሌቱን በክርኑ እየገፋ ሄደና እጆቹን ጋቢው ውስጥ ቀበራቸው። የሙሽሪት ቤት ሲገባም «ጉንፋን ይዞኛል» ብሎ ማንንም አልጨበጠም። ይባስ ብሎ፣ በምን እንደመጣ ሲጠየቅ «በብስክሌት! ወድቄ አላውቅም» ብሎ ፎከረ።

የሙሽሪት የሳያት አባት አቶ ወልደአማኑኤል ቀላል ሰው አይደሉም። ባለፈው ሽማግሌዎቹን በቀጠሮ ሲመልሷቸው «የልጁ አጎት ይኮራል ይባላል። ገበታዬን ለሚንቅ ሰው ልጄን አልሰጥም» ብለው ነበር። ሽበሺ ግን አፉን ሲከፍት ድንጋይ ያስለቅሳል። ተናገረ፣ ተናገረ፤ ሰውየው ለሰለሱ። «በሉ እንግዲህ፣ ሰጥተናል» ሲሉ እልልታው ቡሹሎ ድረስ ተሰማ።

ወዲያው የሳያት እናት ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዘው መጡ። ውሃው ውስጥ ሎሚ ተጨምቆበታል። ሽበሺ ሽታው አፍንጫው ውስጥ ሲገባ መዳፉን ጋቢው ውስጥ ይበልጥ ሸሸገ። ለካ ይህን ሁሉ ሲናገር ስለ መብላት አላሰበም!

«ይታጠቡ እንጂ» አሉት።

«እኔ... ጠግቤ ነው የመጣሁት።»

ማንቆርቆሪያው አየር ላይ ቀረ። አጠገቡ የተቀመጠው ሽማግሌ፣ ሞገስ፣ በክርኑ ጎሸመው። «ምን ነካህ? ታጠብ!»

«ተዉት» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል ፊታቸው እየጠቆረ። «የሰማሁት እውነት ነው ማለት ነው። እንግዲያማ ቃሌን...»

ሽበሺ ስልኩን ታቅፎ ወሬ የሚጠብቀው ኤልናታን በዓይነ ሕሊናው ታየው። ምን ያድርግ? እጆቹን አወጣ።

«ውይ በሞትኩት!» አሉ እናትየው።

«ገበታዎን አልናቅሁም» አለ ሽበሺ አንገቱን ደፍቶ። «የናቅሁት የሚስቴን ጓንት ነው።»

አቶ ወልደአማኑኤል መዳፉን አዩ፣ ፊቱን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው አጠገቡ ተቀመጡና ፓፓያ የሚያክል ጉርሻ ጠቀለሉ።

«አፍዎን ይክፈቱ።»

ከፈተ። ምን ምርጫ አለው?

«ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ይሁን፣ አይደል?»

ሽበሺ ጥርን አስቦ ነበር። ግን በየት በኩል ይናገር? አፉ ጢም ብሏል።

«ዝም ካሉ ተስማምተዋል። ድግሱም በወንድ ወገን።» ሁለተኛው ጉርሻ ገባ። ሽበሺ ሞገስን በዓይኑ ተማጸነ፤ ሞገስ ዶሮ ወጡ ላይ አቀርቅሯል።

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። በየትኛው እጁ ያንሳው? ሞገስ አውጥቶ ጆሮው ላይ ያዘለት።

«ጋሼ! ሰጡን ወይስ ከለከሉን?» አለ ኤልናታን።

«እምምም!»

«ምን? ከለከሉን?»

«እምምምም!»

አቶ ወልደአማኑኤል ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «ሰጥተንሃል ልጄ። ስትመጣ ግን ለአጎትህ ጓንት ይዘህ ና» አሉና ሦስተኛውን ጉርሻ መጠቅለል ጀመሩ።