ልጄን በእሳት

ከድጄ ሪሞቱን ጥላ «ኡ! ኡ! ልጄን!» ስትል፣ ከአጥሩ ወዲያ ልብስ ታሰጣ የነበረችው ሰፍያ ሻሿን በእጇ ይዛ ሮጠች። ቡታጅራ ውስጥ በቀትር ኡኡታ ከተሰማ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሰው ሞቷል።

«ማነው? ማን ሞተ?»

«ሳላሀዲን! ልጄ ተቃጠለ!»

«ኢናሊላሂ!» ሰፍያ ደረቷን ደቃች። ከድጄ ወዴት እንደምትጠቁም ያየላት አልነበረም፤ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ።

ከድጄ ስትጠቁም የነበረው ወደ ቴሌቪዥኑ ነው። የዲሽ ሠራተኛው ጠዋት ሲያስተካክል ቀን ከሌት የሮክ ክሊፕ የሚያሳይ ጣቢያ ገብቷል። እሷ የአረፋን ዝግጅት ፍለጋ ቁጥር ስትነካካ እዚያ ላይ ወደቀች። መርካቶ አጎቱ ሱቅ ጨርቅ ይሸጣል የተባለው ልጇ፣ ጸጉሩን ትከሻው ላይ ለቆ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ከጀርባው እሳት እየነደደ፣ በጉራጊኛ «እናቴ ድረሺልኝ!» እያለ ይጮኻል። የክሊፕ እሳት መሆኑን ምስኪን በምን ትወቀው?

አባቱ ሰይዶ ሱቁን ሳይዘጋ፣ አንድ እግሩ ጫማ አልባ ሆኖ ደረሰ። «ልጅህ ሞተ» ብለውት አስፋልቱን እያለቀሰ ነው የተሻገረው።

«አባ፣ አልሞተም!» አለች ሴት ልጁ ናጃህ ከማድቤት እየሮጠች። «ክሊፕ ነው። እየዘፈነ ነው!»

ሰይዶ ቴሌቪዥኑን አይቶ ክው አለ። የልቅሶው ድምፅ ቆመ፤ ጊታሩ ብቻ ቤቱን ያናውጠው ጀመር። ከመጡት መሃል ሐጂ ሙሀይሚን ነበሩ። ሰይዶ «ልጄ ሰላት የማያዛንፍ፣ ጨዋ ነጋዴ ነው» ብሎ ሴት ልጃቸውን ለሳላሀዲን የጠየቃቸው ገና ባለፈው ጁምዓ ነው። ለአረፋ ሲመጣ ሊያስተያዩዋቸው ተስማምተዋል።

ሐጂ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ተጠጉ። «ሰይዶ፣ ይሄ ጸጉራም...»

«ሰው ከሰው ይመሳሰላል፣ ሐጂ» አለች ሰፍያ ቶሎ ብላ። ከድጄም ባሏን በልመና አየችው። አንድ «አዎ» ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ሰይዶ እንባው ገና ጉንጩ ላይ ነው።

«የኔ ነው ሐጂ። ሳላሀዲን ነው።»

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ። ከድጄ ሪሞቱን አንስታ ልታጠፋ ስትል ሰይዶ እጇን ያዛት።

«ተይው» አላት፤ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ይጨርስ።»