እሪታ የሌለበት ወረቀት

ነጥብ ላይ የቆመውን ያን ዘንግ የሰዋስው መጽሐፉ ቃለ አጋኖ ይለዋል። ይበል፣ ተወው! እኛ ማተሚያ ቤት በዚያ ስም ብትጠራው ዞር ብሎ የሚያይህ የለም። ስሙ እሪታ ነው። አንዱ «ሁለት እሪታ አቀብለኝ» ሲል እንግዳ ሰው ይደነግጣል፤ እኛ ምን ገዶን።

እኔ የብረት ፊደል እየለቀምኩ የምደረድር ፊደል ለቃሚ ነኝ። በየገጹ እሪታ የምነሰንሰው ሥራዬን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አራሚያችን፣ ያቺ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታንጠለጥለው፣ እሪታ በበዛ ቁጥር ክፍሏ ታስጠራኛለች። «የሳሙና ማስታወቂያ ነው እኮ፤ ቤት ተቃጠለ እንዴ?» ትለኛለች። ስድቧ ራሱ ይጥመኛል። የቀብር ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ጨምሬ አውቃለሁ፤ ሟቹ ይቅር ይበሉኝ! ማሽኒስቱ ጓደኛዬ «አንተ ፈሪ፣ በአፍህ አትነግራትም?» እያለ ያበግነኛል። አፍ ቢኖረኝማ!

አንድ ቀን ጠዋት አለቃችን ገብቶ፣ አራሚዋ ሌላ ማተሚያ ቤት መቀጠሯን፣ ከነገ ጀምሮ እንደማትመጣ ነገረን። የዚያን ቀን እጄ ወደ እሪታው ሳጥን እንኳ አልሄደም። የለቀምኩትን አሳትሜ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ጥዬላት ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ራሷ መጣች። እኛ ክፍል ረግጣ አታውቅም። ማሽኑ እየተንገጫገጨ ስለሆነ ሰው አይደማመጥም። ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር ዘረጋችው።

«አንድም እሪታ የለበትም! ታመሃል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

«ምን?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ!»

«ደህና ብትሆን ስድቤን ሳትሰማ ትውል ነበር?»

ለካ ታውቅ ኖሯል! ደሜ ፈላ።

«ካወቅሽ ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?» አልኩ በጩኸት።

«አፍ ያለው ሰው ስጠብቅ ጊዜዬ አለቀ!»

«እወድሻለሁ! አግቢኝ!»

ያ ከሃዲ ማሽኒስት ለካ ማሽኑን አጥፍቶታል። «አግቢኝ» የምትለዋ ብቻዋን ክፍሉን ሞላችው። አለቃው ከነሻይ ብርጭቆው በሩ ላይ ቆሟል። እኔ በቁሜ ሞትኩ።

አራሚዋ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችና መልሳ አደረገችው።

«እናቴ ዘንድ ስትመጣ ግን» አለችኝ፣ «እንዲህ እንዳትጮህ። ድንጉጥ ናት።»